ነጩ ሰማይና ጥቁሩ ዛፍ

በክረምት ደመና ሥር ዛፍን ፎቶ ስለ ማንሣት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ



ስለ ፎቶግራፍ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ጥምቀት ድምቀት፣ ስለ አደይ አበባ ወይም ስለ ጀምበር መጥለቂያ ያወራል። እኔ የመጣሁት ፎቶ አንሺ የሚሸሸውን ሰማይ ይዤ ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ በደጋው ላይ ተዘርግቶ የሚከርመውን፣ ፀሐይ የማትታይበትን፣ ነገር ግን ቀና ብለው ሲያዩት ዓይን የሚያስጨፍነውን ነጭ ሰማይ። በዚህ ሰማይ ፊት ስለ ቆመ ዛፍ እንነጋገራለን።

ነገሩ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። የግቢያችሁ ዝግባ ወይም የደብሩ ጥድ ዝናብ አጥቦት ያምራችኋል፤ ስልካችሁን ታወጣላችሁ፤ ፎቶው ላይ የሚወጣው ግን አመድማ ሰማይና ጥቁር ጥላ ነው። አረንጓዴው የለም፤ የግንዱ ቅርፊት የለም፤ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት የለም። አብዛኛው ሰው “ቀኑ ለፎቶ አይሆንም” ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። የንግግሬ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው። ነጭ ሰማይ ሌላው ሰማይ የማይጠይቀንን አንድ ጥያቄ እንድንመልስ ያስገድደናል፦ ከዚህ ዛፍ የምትፈልገው ምኑን ነው? አካሉን፣ ቅርጹን ወይስ የቆመበትን ስፍራ? መልሱን ያወቀ ሰው በደመና ቀን ጥሩ ፎቶ ያነሣል። መልሱን ለማሽኑ የተወ ሰው ደግሞ ጥቁር ጥላ ይዞ ይመለሳል።

ሐሳቤን በሦስት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ ዛፉ ለምን እንደሚጠቁር አስረዳለሁ። ቀጥዬ ካሜራውን ከመነካካታችን በፊት የት ብንቆም እንደሚሻል እናያለን። በመጨረሻም ይህ የተጠላ ሰማይ ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚፈልገውና ከእሱ ምን እንደተገኘ እናገራለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በጠራ ቀን ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ ጥግ ነው። ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን ዛፉን ብናነሣ ብርሃን ሰጪዋ ከፎቶው ውጭ ናት፤ ከዛፉ በስተኋላ ያለውም ሰማያዊ ሰማይ ፀሐይ ከመታችው ቅጠል ያን ያህል የደመቀ አይደለም። በደመና ቀን ግን ብርሃን ሰጪው ሰማዩ ራሱ ነው። ከዛፉ ጀርባ የምናየው ነጭ ነገር መብራቱ ነው። ዛፉንና ዛፉን የሚያበራውን መብራት በአንድ ፎቶ ውስጥ አስገብተን ሁለቱም በደንብ ይታዩልን ማለታችን ነው። ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በር ላይ የቆመውን እንግዳ ፊት መለየት እንደሚያቅተው ሁሉ ካሜራውም ከብርሃኑ ፊት የቆመውን መለየት ያቅተዋል።

ልዩነቱን በቁጥር ብናየው ይቀለናል። ከደመናው የወረደው ብርሃን መሬት ላይ ያርፋል። መሬቱ፣ አፈርም ይሁን ሣር፣ ከደረሰው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ወደ ላይ ይመልሳል። ቅጠል ደግሞ ለዓይን ከሚታየው ብርሃን የሚመልሰው አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ከዛፍ ሥር ቆመን ቀና ስንል የምናየው የቅጠል ሆድ ከመሬት በሚመለሰው ብርሃን ብቻ ቢታይ ኖሮ ድምቀቱ ከሰማዩ አንድ ሃምሳኛ ቢሆን ነው። ቅጠሉ ስስ ከሆነ ከላይ የሚያሳልፈው ጥቂት ብርሃን ይጨመርበታል። ፎቶ አንሺዎች ብርሃንን በስቶፕ ይቆጥራሉ፤ አንድ ስቶፕ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር ሰማዩና ቅጠሉ ከአራት እስከ ስድስት ስቶፕ ይራራቃሉ፤ ይህም ከ16 እስከ 64 እጥፍ ማለት ነው።

ይህ ርቀት ለዘመኑ ካሜራ ከአቅም በላይ አይደለም። ጥሩ ካሜራ 12 ስቶፕና ከዚያም በላይ መያዝ ይችላል። ታዲያ ዛፉን ማን አጠቆረው? ያጠቆረው የብርሃን መለኪያው ነው። መለኪያው የሚያየው ነገር ዛፍ ይሁን ሰማይ፣ ኖራ ይሁን ከሰል አያውቅም። የተሠራው የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው፤ በፎቶ ትምህርት ቤቶች ይህ ግራጫ ከደረሰበት ብርሃን 18 በመቶውን በሚመልስ ካርድ ይወከላል። ፎቶው ውስጥ ነጭ ሰማይ ከበዛ መለኪያው “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ይቀንሳል። ሰማዩ ከነጭ ወደ አመድማ ይወርዳል፤ ዛፉም አብሮ ይወርድና ጥቁር ይሆናል። የራሳችን ዓይን እንዲህ አይታለልም፤ ከሰማዩ ወደ ግንዱ በዞረ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሯችንም ያየነውን ቁርጥራጭ ሁሉ ገጣጥሞ ሙሉ ዛፍ ይሰጠናል። ካሜራው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ነው የሚይዘው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ማሽኑን ማረም። በስልክ ከሆነ ጣታችንን ግንዱ ላይ ወይም የቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ላይ እናሳርፋለን፤ ከዚያም ብርሃኑን በመጠኑ እንጨምራለን። በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ከፍ እናደርጋለን። አረንጓዴው ይመለሳል፤ ቅርፊቱ ይመለሳል። ሰማዩ ግን ዋጋውን ይከፍላል፤ ወረቀት ይሆናል፣ በሙያው ሰዎች አነጋገር “ይቃጠላል”። በዚህ አትደንግጡ። ነጭ የነበረ ሰማይ ነጭ ሆኖ ቢወጣ ውሸት የለበትም። ፎቶው ለመጽሔት የሚታተም ከሆነ ግን ጥቂት ግራጫ ማስቀረት ይገባል፤ ፍጹም ነጭ ሰማይ ላይ ቀለም ስለማያርፍ የፎቶው ጠርዝ ከገጹ ወረቀት ጋር ይቀላቀላል።

ከልክ ባለፈ ጊዜ ሌላ ጉዳት ይመጣል። የባሕር ዛፍን አናት አስቡ። ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ወደ ታች አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ሰማዩ በመሃል በመሃሉ ይገባል። ብርሃኑን አብዝተን ከከፈትን ነጩ ከሁለት በኩል ቅጠሉን ይበላዋል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይጠፋሉ፣ ጠርዛቸው ላይም ሐምራዊ መስመር ይወጣል። ዋርካ ግን ቅጠሉ ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተጨማሪውን ብርሃን ይሸከማል። ስንት ስቶፕ እንደምንጨምር የሚወስነው እንግዲህ የዛፉ ጠባይ ነው፤ ለሁሉም ዛፍ የሚሆን አንድ ቁጥር ልሰጣችሁ አልችልም።

“ስልኬ ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንሥቶ ያዋህዳል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ አዳዲስ ስልኮች አንዱን ለሰማዩ አንዱን ለዛፉ አንሥተው ያጋጥማሉ። ሐሳቡ ግን ከስልክ ብዙ ይቀድማል። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ በ1850ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የባሕር ፎቶዎቹን ሲሠራ ባሕሩን በአንድ ኔጋቲቭ ደመናውን በሌላ አንሥቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ባሕሩና ሰማዩ የሚለያዩት በአንድ ቀጥተኛ የአድማስ መስመር ስለነበር ተሳካለት። ዛፍ ግን ሰማዩን በሺህ ቅጠል ይከፋፍለዋል፤ ነፋስ ደግሞ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቅጠሉን ያንቀሳቅሰዋል። በማዋሐዱ ጊዜ ቅጠል ይደረባል፤ በአናቱ ዙሪያም በቦታው ያልነበረ የብርሃን ክብ ይታያል። ከላይ የሚያጨልም፣ ከታች የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ብታስሩም ችግሩ ያው ነው፤ ሰማዩን ሲያጨልም የዛፉን አናት አብሮ ያጨልመዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መሣሪያው ነበር። ወደ ሁለተኛው ክፍል ስገባ ከመሣሪያው ይልቅ እግራችን ብዙ እንደሚሠራ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ደመናማ ሰማይ እኩል ነጭ ይመስላል፤ እኩል ግን አይደለም። ሙንና ስፔንሰር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ባቀረቡት ስሌት መሠረት ሙሉ በሙሉ በደመና የተሸፈነ ሰማይ ከራስ አናት በላይ ያለው ክፍሉ በአድማስ በኩል ካለው በሦስት እጥፍ ይደምቃል። ይህ ስሌት የሕንፃ ባለሙያዎች የመስኮት ብርሃን የሚያሰሉበት መሠረት ሆኗል። ለእኛ ደግሞ ግልጽ ምክር ይሰጠናል፦ ከዛፍ ሥር ቆመህ ሽቅብ ካነሣህ ዛፉን ከሰማዩ እጅግ ደማቅ ክፍል ጋር አጋጠምኸው፤ ራቅ ብለህ ካነሣህ ግን ከጀርባው የሚሆነው ፈዘዝ ያለው ክፍል ነው።

ርቀት የሚሰጠን ጥቅም በዚህ አያበቃም። ከሥር ስናይ የቅጠሉን ሆድ ነው የምናየው፤ እሱ ደግሞ ከመሬት በሚመለስ ትርፍራፊ ብርሃን ነው የሚኖረው። ራቅ ስንል የዛፉን ጎን እናያለን። ያንን ጎን ከእኛ በስተጀርባ ያለው የሰማይ ግማሽ ያበራዋል፤ የሚደርሰው ብርሃንም ከቅጠሉ ሆድ ብርሃን ከእጥፍ በላይ ነው። ጀርባው ሲፈዝና ፊቱ ሲደምቅ የሁለቱ ርቀት ይጠብባል፤ አንድም ቁልፍ ሳንነካ ሁለት ስቶፕ ገደማ እናተርፋለን። ሰፊ መስክ ላይ የቆመ ዋርካ በደመና ቀን ያማረ ፎቶ የሚወጣው፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ያለ ዝግባ ደግሞ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ከዝግባው ለመራቅ አጥሩ አይፈቅድም።

ከርቀት የሚበልጠው ደግሞ ከፍታ ነው። በደጋ አገር መኖራችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዛፉ ሸለቆ ውስጥ ወይም ተዳፋት ላይ ከሆነ ከወዲያ ማዶ ካለው ተረተር ላይ እናነሣዋለን፤ ከዛፉ ጀርባ የሚሆነው ሰማይ ሳይሆን ሌላ ተራራ ወይም ሌላ ደን ይሆናል። እንጦጦን ከታች ቀና ብላችሁ ብታነሡት የባሕር ዛፉ ጫፍ ነጩን ሰማይ ይወጋል፤ ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታነሡት ግን አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ይደራረባል። ጉም በዛፎቹ መካከል ከገባ ደግሞ እሰየው ነው። የኋለኞቹ ዛፎች ይፈዝዛሉ፣ የፊተኛው ይጎላል፤ በጠራ ቀን ተመሳቅሎ የሚታይ ደን ረድፍ በረድፍ ይለያል።

የዚህ ዘዴ ጫፍ በአየር ላይ የተሠራው ነው። የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዓለም ያወቃቸው በአብዛኛው ከላይ በተነሡ ፎቶዎች ነው። ሥነ ምኅዳር አጥኚው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለብዙ ዓመታት ያጠኗቸውን እነዚህን ደኖች ስኮትላንዳዊው ፎቶ አንሺ ኪራን ዶድስ በድሮን ሲያነሣቸው፣ በታረሰ መሬት መካከል የተቀመጠ ክብ አረንጓዴና በመሃሉ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ታየ። ፎቶው ውስጥ ሰማይ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ የብርሃን ጣጣ የለም። ለእርሻና ለደን ድንበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ከደብሩ ቅጥር ገብቶ ከጥዱ ሥር ቆሞ የሚጸልየው ሰው ደኑን እንዲህ አያየውም። እሱ የሚያየው ከታች ነው። ሰማዩን ስናስወጣ የሰውየውን ዓይንም አብረን እናስወጣለን፤ ይህን አውቀን እናድርገው።

አበባና እርጥበትን በአጭሩ ልጥቀስ። ዋንዛ ክረምቱ ሲወጣ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ነጭ አበባ በነጭ ሰማይ ላይ ስለሚጠፋ ከጀርባው ጥቁር ነገር፣ ግድግዳም ቢሆን፣ ፈልጉለት። የቆርች ቀይ አበባ ግን ነጩን ሰማይ ይወዳል። ዝናብ የነካው ቅጠል ደግሞ ሰማዩን እያንጸባረቀ አረንጓዴውን ይሸፍናል። በሌንስ ላይ የሚታሰረው ፖላራይዘር የተባለ ማጣሪያ ደመናውን አያጠቁርላችሁም፤ ያንን ነጸብራቅ ግን ይገፍላችኋል። በደመና ቀን ፖላራይዘር ዋጋ የለውም የሚለው አባባል ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። እስካሁን ነጩን ሰማይ የምንከላከለው ጠላት አድርጌ ተናገርኩ። ነገር ግን ሆን ብለው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። ቤርንትና ሂላ ቤሸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የውኃ ማማዎችን፣ የማዕድን ማውጫ ግንቦችንና የብረት ማቅለጫዎችን ሲያነሡ ኖረዋል፤ የሚጠብቁት ደመናማ ቀንን ነበር። ፀሐይ ጥላ ትጥላለች፤ ጥላ ደግሞ ሰዓትንና ስሜትን ይናገራል። እነሱ የፈለጉት ቅርጹ ብቻ እንዲናገር ነበር፤ አንዱን ማማ ከሌላው አጠገብ አድርገው እንዲያወዳድሩት። ዛፍን በዚህ ዓይን ብናይ ጥቁር ቅርጽ ነውር መሆኑ ይቀራል። ግራር ጠፍጣፋ ጃንጥላውን ይዘረጋል፤ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ዋርካ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል። አንድም ቅጠል ሳይለይ ዛፉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ልጆችን የዛፍ ዓይነት ለማስተማር በነጭ ሰማይ ላይ የተነሡ ጥቁር ቅርጾች ከባለ ቀለም ፎቶ ይልቅ ሊጠቅሙ ይችላሉ።

የደን ተመራማሪዎች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ሮቢን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1924 ሰማዩን ሁሉ በአንድ ክብ ፎቶ የሚይዝ ሌንስ ሠራ፤ የሠራው ደመናን ለማንሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን ሌንስ ደን ውስጥ መሬት ላይ ወደ ላይ አዙረው አስቀመጡትና የዛፎቹን አናት አነሡ። ነጭ የሆነው ሰማይ፣ ጥቁር የሆነው ቅጠል ነው፤ የሁለቱን ድርሻ በማስላት የደኑ ጣሪያ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ፣ ከሥር ላለ ችግኝ ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርስ ይገመታል። ለዚህ ሥራ እጅግ ተመራጩ እኩል የተሸፈነ ደመናማ ሰማይ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች የምትመታው ቅጠል ነጭ ሆኖ ከሰማይ ይቆጠራል። እነሱም ከማሽኑ ጋር ይጣላሉ፤ የሚጣሉት ግን በተቃራኒው ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ መለኪያው “ጨለመ” ብሎ ብርሃኑን ያበዛዋል፣ ሰማዩ ቅጠሉን ይበላል፣ ደኑም ከሆነው በታች ሳስቶ ይቆጠራል። ስለዚህ ብርሃኑን የሚለኩት ከደኑ ወጥተው፣ ገላጣ ሰማይ ሥር ሆነው ነው። ያው መለኪያ እኛ ዘንድ ዛፉን ያጠቁራል፣ እነሱ ዘንድ ያጠፋዋል። ሁለታችንንም የሚያድነን ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን ማወቃችን ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ከአገራችን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከጦሩ መሐንዲሶች ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ በተቀባ፣ ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ነበር። ኮሎዲዮን ለሰማያዊ ብርሃን ፈጣን፣ ለአረንጓዴ ደንቆሮ ነው፤ ስለዚህ ሰማይ በጠራ ቀን እንኳ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቅጠል ይጠቁራል። ቴክኖሎጂው ራሱ ሁልጊዜ የክረምት ሰማይ ነበረው ማለት ይቻላል። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ያን ኒሰን ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚያን ስፍራዎች ፈልገው፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው ደግመው አነሡ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመው ጥናት አዘጋጆች አንዱ ነበሩ። የሰሜኑ ምድር ከዘመን ዘመን እየተራቆተ ብቻ መጣ የሚለውን የለመድነውን አነጋገር ፎቶዎቹ አልደገፉትም፤ ዛፍና ቁጥቋጦው ከ1868 ይልቅ በዝቶ ተገኘ።

ይህ ግኝት ለፎቶ አንሺ የሚነግረው ነገር አለ። የ1868ቱ ፎቶዎች በዛሬ ሚዛን ሰማያቸው የተቃጠለ፣ ዛፋቸው የጠቆረ ነው። የተረፉትና ያስተማሩት ግን ከውበታቸው የተነሣ አይደለም። የቆሙበት ቦታ ስለታወቀ፣ ማንም ደመና ስላልጨመረባቸው፣ ዛፉ ያለበትና የሌለበት ስለተለየ ነው። ዛሬ ስልካችሁ በአንድ ንክኪ ነጩን ሰማይ አንሥቶ ሰማያዊ ከነደመናው ያስቀምጥላችኋል። ለጌጥ ከሆነ አልከለክላችሁም፤ ለ ግሬም አድርጎታል። ግን አስቡት፤ ሰማዩን የሚቆርጠው ፕሮግራም የቅርንጫፉን ጫፍ አብሮ ይቆርጣል፣ የወሩንም ምልክት ይወስዳል። ከዓመታት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያይ ሰው ክረምት ይሁን በጋ፣ ቅርንጫፉ ደርቆ ይሁን ተቆርጦ ማወቅ አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሠፈራችሁ ውስጥ አንድ ዛፍ ምረጡ፤ የመንገድ ዳር ጥድ ይሁን የዕድር ድንኳን የሚተከልበት ዋርካ። በዚህ ክረምት ሁለት ዓይነት ፎቶ አንሡለት፤ አንዱን ብርሃን ጨምራችሁ ለአካሉ፣ ሌላውን ቀንሳችሁ ለቅርጹ። የቆማችሁበትን ቦታና ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ቦታ ቁሙና ድገሙት። ደመናው እኩል ብርሃን ስለሚሰጥ ሁለቱን ክረምቶች ጥላ ሳያሳስታችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ፤ በጋ ላይ ግን ሰዓቱን ጭምር ማዛመድ ሊኖርባችሁ ነው። ለፎቶ አይሆንም የተባለው ቀን ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመቸ ቀን ነው።